የባሻ ኃይለመስቀል ጆሮ

ባሻ ኃይለመስቀል ሚስቱን የጠረጠራት በዓይኑ አይቶ አይደለም፤ ሰው ነግሮትም አይደለም። በጆሮው ነው። ሌላው ባል የሚቀናው የማያውቀው ሽቶ ሲሸተው፣ ወይም ሚስቱ ደጅ ቆማ ከሰው ጋር ስትስቅ ሲያያት ነው። የነገሌው ጦር ሰፈር የሙዚቃ ጓድ አለቃ ግን እንደ ሰው መቅናት እንኳ አልሆነለትም። ሚስቱ ተናኘወርቅ ሽሮ እያማሰለች ያንጎራጎረችው ዜማ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ስላገኘው ቀና።

ነገሩ እንዲገባን ስለ ጆሮው ጥቂት እናውራ። ባሻ በልጅነቱ አዲስ አበባ ሙዚቃ ክፍል ሲገባ አስተማሪው የልጁን ፊት ወደ ግድግዳ አዙሮ ፒያኖ ይነካበት ነበር፤ ልጁም ሳያይ «ሬ»፣ «ሶል»፣ «ሲ ቤሞል» እያለ ይመልሳል። አንድ ቀን እንኳ አልሳተም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የዓለም ድምፅ ሁሉ ስሙን ይዞ ይመጣለታል። የሰፈሩ የምሳ ደወል ሚ ነው፤ የኮሎኔሉ በር ሲከፈት የሚያሰማው ሲጥታ ከዶ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጎረቤት ያለው የአሥር አለቃው ልጅ ሲያለቅስ በፋ ዲየዝ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ላገኘው ሁሉ ሳይጠየቅ ይናገራል። ስጦታ ነው፤ ስጦታነቱን የካደ የለም። ግን እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምሳ መብላት ያደክማል።

በ1957 ዓ.ም. መቶ አለቃ ሥዩም የሚባል ወጣት መኮንን የውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ ነገሌ ተመደበ። ሚስት የለውም፤ መልኩ ያምራል፤ በነገሌ ቀይ አቧራ መሐል ሸሚዙ እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚውል እግዜር ይወቅ። ከሻንጣው ጋር አንድ ትልቅ ሸክላ ይዞ መጣ። አራት ባለ ክር መሣሪያዎችና አንድ ክላርኔት ሆነው የሚጫወቱት የፈረንጅ ሙዚቃ ነው። ዘፋኝ የለው፣ ከበሮ የለው፤ አምስት ሰዎች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በቀስታ የሚነጋገሩ ይመስላል። መቶ አለቃው ሸክላውን አዘውትሮ በመኮንኖች ክበብ ይተወውና ለእሑድ ብቻ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ቤቱ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ የራሱ ማጫወቻ አለችው።

አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ መብራት እንደበራ፣ ባሻን ክበብ አስጠሩት። «ባለሙያው ይስማውና ይፍረድ» ተባለ። ባሻ ቆቡን በብብቱ ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ። ክላርኔቱ ገና ሲገባ አንገቱን ወደ ማጫወቻው አሰገገ። እሱ ራሱ ክላርኔት ነፊ ነው፤ እንደዚያ ያለ ትንፋሽ ግን በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ቅናቱ እንግዲህ እዚያው ጀመረ፤ በሸክላው ውስጥ ባለው፣ በማያውቀው ፈረንጅ ክላርኔት ነፊ ቀና። ሙዚቃው ከባድ ነው፣ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ልጁን ቀብሮ የሚመለስ ሰው እርምጃ ነው። ሲያልቅ መቶ አለቃ ሥዩም «እህሳ ባሻ፣ ቅኝቱ ምንድን ነው?» አለው።

«ላ ቤሞል ነው ጌታዬ።»

መቶ አለቃው የሸክላውን ልባስ አገላብጦ አየና ሳቀ። «እዚህ ላይ የተጻፈው ላ ማዦር ነው፤ ቤሞል የሚል የለበትም።»

«የተጻፈውን አላውቅም ጌታዬ። የሚሰማው ላ ቤሞል ነው፤ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሏል።»

«ፈረንጅ የገዛ ሙዚቃውን ስም ይስታል ብለህ ነው?»

መኮንኖቹ ሳቁ። ባሻ ከደረት ኪሱ ዲያፓዞኑን አወጣ፤ ሲመቷት ላ ብላ የምትጮህ ባለ ሁለት ጣት ብረት ናት። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታና «ይኸው ላ፤ ይስሙት» አለ። የሰማው ግን የለም፤ ቢራ ተቀድቶ ወሬው ተቀይሯል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ምሽት እየተመላለሰ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ብረቷን በጆሮው እያስጠጋ አረጋገጠ። ሦስቱንም ጊዜ ላ ቤሞል ነው። ስለዚህ የክበቡ ማጫወቻ ሰነፍ ነው፤ እየጎተተ ያዞራል፤ ድምፁን ዝቅ፣ እርምጃውን ዘገም ያደርገዋል። ይህን ከገዛ ስሙ እኩል ያውቀዋል።

ተናኘወርቅ ከባሻ አሥር ዓመት ታንሳለች። የወታደር ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ካረፉ በኋላ የቀራት ዘመድ አሬሮ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የሆነው ወንድሟ ወልደሥላሴ ብቻ ነው። ስፌት ታውቃለች። በዚያ ሰሞን የኮሎኔሉ ባለቤት ለክበቡ አዲስ መጋረጃ እንድትሰፋ ጠይቃት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናዋን አሸክማ ክበብ እየሄደች ትሰፋ ነበር። ባሻም ፈቅዷል። ጠዋት ክበቡ ባዶ ነው፤ አሳላፊው ሽማግሌ ነው፤ ምን ያስፈራል?

አንድ ሐሙስ ቀን ለምሳ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲፈታ፣ ጓዳ ውስጥ ተናኘ ስታንጎራጉር ሰማ። እጁ ማሰሪያው ላይ ቀረ። ያ ሙዚቃ ነው፤ ክላርኔቱ የሚገባበት ቦታ። ግን የሱ አይደለም። እሱ የሚያውቀው ያዝናል፤ ይኼ ይስቃል። እሱ የሚያውቀው ይጎተታል፤ ይኼ ቀሚሱን ሰብሰብ አድርጎ ይሮጣል። ብረቷን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ መታ። ላ። ድርቅ ያለ፣ ጥርት ያለ ላ።

የሰው ልጅ ዜማ ሲይዝ በሰማው ቅኝት ነው የሚይዘው፤ ተናኘ ደግሞ የሰማችውን እንደ ሸክላ አትማ እንደምታስቀር ካገባት ቀን ጀምሮ ያውቃል፤ ከወደደላት ነገር አንዱም ይኼ ነበር። ክበብ ያለው ማጫወቻ ላ ቤሞል ነው። በነገሌ ከተማ ውስጥ ይህን ሙዚቃ በላ የሚያጫውት አንድ ማጫወቻ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ እሱም መቶ አለቃ ሥዩም ቤት፣ አልጋው አጠገብ ነው። ማጫወቻዋ አልጋው አጠገብ መሆኗን ማን እንደነገረው አይጠይቁኝ። ቅናት የቤት ዕቃ ማስቀመጥ ይወዳል።

«ይኼን ዜማ የት ሰማሽው?»

«ክበብ ነዋ፤ አሳላፊው ጋሼ ጠዋት ጠዋት ያጫውተዋል። አያምርም?»

እንዲህ ነበር የመለሰችው፤ ሽሮዋን እያማሰለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። ባሻ ዋሸችኝ አለ በልቡ። ዓይኗን ሳትሰብር ዋሸችኝ። ሽሮውም አልዋጥለት አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ላይ ትሮምቦኖቹ ሲስቱ አይሰማም። መቶ አለቃው በሜዳው ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጥና እጁን ሲያወርድ ጣቶቹ ጭብጥ ይሆናሉ። አለቃው ነው፤ ምን ይለዋል? «ጌታዬ፣ ሚስቴ በእርስዎ ቅኝት ታንጎራጉራለች» ይበለው? እሑድ እሑድ ተናኘ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ የምትጠይቃት ጓደኛዋ ቤት ከመቶ አለቃው ቤት በሁለት አጥር ብቻ ይርቃል። እስከዚያ ድረስ ይህ ምንም አልነበረም። አሁን ሁለቱን አጥር በእርምጃ ለካው፤ ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው።

እሑድ ቀትር ላይ ራሱ ሄደ። ሙሉ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ በመቶ አለቃው የቁልቋል አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ብረቷን በጆሮው ደቅኖ ጠበቀ። በመስኮት ሙዚቃው መጣ። ላ። ፈጣን፣ ደስተኛ፣ ያው የተናኘ ዜማ። በመስኮቱ የሴት ሳቅ ይሰማ እንደሆን ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሲያዳምጥ፣ ወተት ሻጯ መሱዳ ጮጮዋን አዝላ ከኋላው መጣች።

«አካም ባሻ! ናጋ? ምን ሆንክ? ጆሮ ያምምሃል እንዴ?»

«ናጋ፣ ናጋ… አዎ፣ ትንሽ አሞኛል» አለ ከተቀመጠበት እየተነሳ።

«ቅቤ አሙቀህ ጠብ አድርግበት። ብረት አታስገባበት፤ ብረት ጆሮ ያበላሻል።»

ምክሯን ቢሰማ ኖሮ ስንት ነገር በቀረለት! የሴት ሳቅ ግን አልሰማም። አለመስማቱም አላጽናናውም፤ ቀስ ብላ የምትስቅ ሆነችበት።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ፈነዳ። ተናኘ ከክበብ ገብታ ክሯን እየጠቀለለች፣ እንደ ልማዷ ያንኑ ስታንጎራጉር፣ ባሻ ብረቷን ገበታው ላይ መታት።

«ስሚ! ይኼ ላ ነው። አንቺ የምታንጎራጉሪው ላ ነው። የክበቡ ደግሞ ላ ቤሞል ነው። በግማሽ ድምፅ ይለያያል። ስለዚህ ክበብ አልሰማሽውም። የት ሰማሽው?»

ተናኘ መጀመሪያ ሳቀች። ቀልድ መሰላት። «እኔ ላ የሚባል ነገር የት አውቄ! ክበብ ሰማሁት አልኩህ እኮ።»

«አትዋሺኝ! ለምንድን ነው የሚያስቅሽ? እዚያ የሚጫወተው የሚያሳዝን ሙዚቃ ነው። አንቺ ጋ ሲደርስ የሚደሰተው ምን አግኝቶ ነው? ማን አስደስቶት ነው?»

ያኔ ነገሩ ገባት። ክሩን አስቀመጠችው። ፊቷ ቀስ ብሎ ሲጠቁር ባሻ አየ፤ የእፍረት መሰለው፤ የንዴት ነበር።

«ማንን ነው የምትለው?»

«የባትሪ ማጫወቻ ያለውን።»

«ማን ነው የባትሪ ማጫወቻ ያለው?»

«መቶ አለቃ ሥዩምን አታውቂውም?»

«መልኩን አውቀዋለሁ፤ ስሙን ያወቅሁት አሁን ከአንተ ነው» አለች። ቀጥሎም ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «ኃይለመስቀል፣ ሽማግሌ ሰብስበህ ምን ብለህ ልትከሰኝ ነው? ሚስቴ በሌላ ቅኝት አንጎራጎረች ልትል ነው?»

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እሱ ግን «አሳላፊውን ልጠይቅ?» እንኳ አላለም። ለሽማግሌ አሳላፊ «ሚስቴ እዚህ ዋለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከክብሩ በታች ሆነበት። ይልቅ የስፌት መኪናዋን አንስቶ ሳጥን ውስጥ ቆለፈባትና «ከእንግዲህ ከዚህ ደጅ ንቅንቅ የለም፤ የመኮንን ውሽማ ቤቴ አይኖርም» አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱን አስደነገጠው። ግን ወጣ።

ተናኘ አላለቀሰችም። በማግስቱ እሱ ልምምድ ላይ ሳለ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ፣ ወደ አሬሮ ጨው ጭኖ በሚሄድ መኪና ተሳፈረች። የስፌት መኪናዋን ሳጥን ቁልፍ በመጥረቢያ ሰብራ መኪናዋንም ይዛ ሄደች። ይኼኛውን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

ባሻ ኩራቱን ታቅፎ አንድ ወር ተኩል ተቀመጠ። ንጹሕ ብትሆንማ ትከራከረኝ ነበር እንጂ አትሄድም ነበር አለ። ደብዳቤ አልጻፈም። ምሽት ምሽት በክበቡ በር ሲያልፍ ሙዚቃው በላ ቤሞል እየተጎተተ ሲወጣ ይሰማና «ይኸው» ይላል፤ «ይኸው፣ ምን አልኩ!» ቤቱ ሲገባ ግን ዝምታው ስም አልነበረውም፤ ቢፈልግም ስም ሊሰጠው አልቻለም።

ከዚያ ጄኔራል ይመጣል ተባለና፣ ኮሎኔሉ ያንን ሙዚቃ የሰፈሩ የሙዚቃ ጓድ በነሐስ መሣሪያ እንዲጫወተው አዘዘ። ባሻ ኖታውን ከሸክላው እየሰማ መጻፍ ነበረበት። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ክበብ ገባ። ከስድስቱ መስኮት ሦስቱ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሎላቸዋል፤ ሦስቱ ራቁታቸውን ናቸው። አሳላፊው «ባለቤትህ ተሻላት ወይ? ታማለች ብዬ ነበር፤ ያለሷ ሥራው ቆሞ ቀረ፤ ሸክላውንም ወድዳው ነበር» አለው። ባሻ መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈ።

ሙዚቃው ዘሎ ወጣ። እየሳቀ፣ እየሮጠ፣ በላ።

ብረቷን አወጣ፤ መታ፤ አዳመጠ። ላ። መርፌውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ላ። «ማን ነው ይኼን ማጫወቻ የነካካው?» ብሎ ጮኸ። አሳላፊው ማንም እንዳልነካው፣ ጠዋት ጠዋት ምንጊዜም እንዲህ እንደሚጫወት፣ ማታ ማታ ግን እንደሚያንቀላፋ ነገረው። «እኔማ መኮንኖቹ ስለሚጠጡ እሱም የሰከረ እየመሰለኝ» አለ ሽማግሌው።

ባሻ በሩጫ ወደ መብራት ሞተሩ ቤት ሄደ። ጃርሶ የሚባለው የሞተር ሠራተኛ ዘይት እየቀየረ አገኘው።

«ጃርሶ፣ ይኼ ሞተር ማታና ጠዋት ፍጥነቱ አንድ ነው?»

«የት አንድ ይሆናል ባሻ!» አለ ጃርሶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ጠዋት ምን አለበት? ሬዲዮ ክፍል አለ፣ የክሊኒኩ ፍሪጅ አለ፣ በቃ። ይሮጣል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ አምፖል ያበራል፣ ካውያ ይሰካል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ ቀስ ይላል። በሱ የሚዞር ነገር ሁሉ ቀስ ይላል። ሰዓቱን አላየህም? የክበቡ የኤሌክትሪክ የግድግዳ ሰዓት በየቀኑ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እኔ ነኝ የማስተካክለው። አንተ ጆሮ አለህ ይሉሃል፣ ይኼን ሳታውቅ ቀረህ?»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ባሻ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ጆሮው አልሳተም! ማታ ያለው ላ ቤሞል እውነት ላ ቤሞል ነበር፤ ልባሱ ላይ የተጻፈውም ላ እውነት ነበር። ለመቶ አለቃው ሄዶ ሊነግረው ቸኮለ። አሥር እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ነው ተናኘ የነገረችው ትዝ ያለው። ሽሮዋን እያማሰለች፣ ቀና ሳትል፣ «ክበብ ነዋ» ያለችው። ሜዳው መሐል ቆሞ ቀረ፤ ወታደሮቹ በግራና በቀኝ እያለፉት ሰላምታ ሲሰጡት አልመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ፈቃድ ጠይቆ በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ የዳዋን ወንዝ ተሻግሮ አሬሮ ገባ። መንገዱን ሙሉ የሚላትን ሲያሰናዳ ነበር። ወንድሟ ወልደሥላሴ በአክብሮት ተቀበለው፤ «ባሻ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ይግቡ» ብሎ ወንበር ሰጠውና ከቤት ወጣ። ተናኘ መስኮቱ አጠገብ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። አልተነሳችም፤ ግን ውኃ ይጠጣ እንደሆን ጠየቀችው።

«ተናኘ፣ ማሪኝ» አለ። «ክበብ ነው የሰማሽው። አሁን አውቄያለሁ።»

«እንዴት አወቅህ?»

ነገራት። ስለ ሞተሩ፣ ስለ አምፖሉ፣ ስለ ካውያው፣ ስለ ግማሽ ድምፁ ነገራት። ሲናገር እየሞቀው ሄደ፤ በእጁ እየመታ እርምጃውን አሳያት፤ ጠዋት እንዲህ፣ ማታ እንዲህ። «ጆሮዬ አልሳተም እኮ፤ ለካስ ሁለቱም ልክ ነው!» አለ። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እኔ ክበብ ሰማሁት ያልኩህ መቼ ነበር?»

«ያን ዕለት… ሐሙስ።»

«በኋላም ማክሰኞ ደግሜ ነገርኩህ። ሁለት ጊዜ። አላመንከኝም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። «አሁንም ያመንከው እኔን አይደለም፤ ሞተሩን ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ጆሮህ ይገባል። ያኔ የሚመሰክርልኝ ሞተር ባይኖርስ?»

«ከእንግዲህማ አምንሻለሁ። በማርያም እምልልሻለሁ።»

እየማለ ሳለ ዓይኑ አመለጠው። ከስፌት መኪናዋ መርፌ ሥር አንድ የወንድ ሱሪ ተዘርግቷል፤ ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ግራጫ፤ ባለቤቱ ረጅም ሰው ሳይሆን አይቀርም። ባሻ መሐላውን አቋረጠ። ዓይኑ ብቻ ከሱሪው ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ ሱሪው ተመላለሰ።

የተናኘ ዓይን የሱን ተከትሎ ወደ ሱሪው ወረደ።

«የወንድሜ ነው፣ ኃይለመስቀል» አለችው።

ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞራ መዘውሩን ማዞር ጀመረች። ባሻ መሐላውን ከየት ላይ እንዳቋረጠው ሊያስታውስ ሞከረ፤ አቃተው። ቆቡን አንስቶ ወጣ። ወልደሥላሴ በር ላይ ቆሞ ስለነበር እስከ ጭነት መኪናው ድረስ ሸኘው፤ ባሻም ብቻውን ወደ ነገሌ ተሳፈረ።